አገር ስጠኝ፦ ስለ ፍትሐዊ እንቆቅልሽ ታሪክ

በወገራና በደምቢያ፣ በስሜንና በጎንደር ዙሪያ ያደግን ሁሉ ምሽት ላይ እሳት ዳር ተሰብስበን እንቆቅልሽ ተጫውተናል። አንዱ «እንቆቅልህ?» ይላል፤ ሌላው «ምናውቅልህ!» ብሎ ይመልሳል። ተጠያቂዋ ሴት ስትሆን «እንቆቅልሽ?» ይባላል፤ ጠያቂዋ ሴት ስትሆን ደግሞ መልሱ «ምናውቅልሽ!» ይሆናል። ከትግራይ የመጡት ወገኖቻችንም በትግርኛ «ሕንቅል ሕንቅሊተይ» እያሉ ይጫወቱት ነበር። ቋንቋው ይለያይ እንጂ እሳቱ፣ ጨለማውና የልጆቹ ጉጉት አንድ ነው።

ተጠያቂው መልሱን ካጣ ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይላል። ያን ጊዜ ተሸናፊው ጎንደርን ወይም ሌላ የሚያውቀውን አገር ይሰጣል። ጠያቂው የተሰጠው አገር ካነሰው ሌላ ይጨመርልኝ ብሎ ይከራከራል። አገሩን ከተቀበለ በኋላ እዚያ ገብቶ እንዴት እንደ በላና እንደ ጠጣ፣ ተሸናፊው ግን ከደጅ እንደ ቀረ እያጋነነ ይቀልድበታል። በመጨረሻም መልሱን ይናገራል። እኛም በልጅነታችን በዚህ መንገድ ስንት አገር ሰጥተናል፤ ስንት አገርም ተቀብለናል።

ዛሬ በእስራኤል የሚያድጉ ልጆቻችንና የልጅ ልጆቻችን እንቆቅልሽን የሚያገኙት በሌላ ስፍራ ነው። ከእነርሱ አንዳንዶቹ በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ አንዱ ታሪክ ተራኪ ሌሎቹ ተጓዥ ሆነው የሚጫወቱትን የሚና ጨዋታ ይወዳሉ። በዚያ ጨዋታ ውስጥ የተዘጋ በር፣ በሩን የሚጠብቅ ፍጡርና እርሱ የሚጠይቀው እንቆቅልሽ ብዙ ጊዜ ይገኛሉ። የጨዋታው መሪዎችም ለረጅም ዓመታት የሚከራከሩበት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም እንቆቅልሽ ፍትሐዊ የሚሆነው መቼ ነው? የሚል ነው። እኛ እንደምናምነው የዚህ ጥያቄ መልስ በአብዛኛው በወላጆቻችን «አገር ስጠኝ» ውስጥ ይገኛል። ይህን ለማሳየት ከኦሪት ጀምረን እስከ ዘመናችን ድረስ ያለውን መንገድ በአጭሩ እንቃኛለን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የእሳት ዳሩ ሕግ

የእንቆቅልሽ ጨዋታችን ቀላል ቢመስልም በጥንቃቄ ሲታይ አምስት ነገሮችን ይዟል።

አንደኛው ፈቃድ ነው። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ብሎ ሳያስታውቅ ጥያቄውን አይወረውርም፤ ተጠያቂውም «ምናውቅልህ» ብሎ ካልተቀበለ ጨዋታው አይጀመርም። ሁለተኛው የጋራ ዕውቀት ነው። መልሱ ሁለቱም በየዕለቱ ከሚያዩት ነገር ይወጣል። ሳይደባለቁ በአንድ ጋን ውስጥ የተቀመጡት ሁለት ዓይነት መጠጦች የእንቁላል አስኳልና ነጩ ናቸው፤ ቀን ከሌት ሲሄድ ውሎ የማይደክመው ወንዝ ነው፤ ባለቤቱን ተከትሎ ጨለማ ሲሆን የሚሰወረው ጥላ ነው። እንቁላል፣ ወንዝና ጥላ ያላየ ልጅ በመንደሩ አልነበረም። ሦስተኛው ሙከራ ነው፤ ተጠያቂው ደጋግሞ ይገምታል፤ ስለ ተሳሳተም አይቀጣም። አራተኛው መውጫ ነው። መልሱን ያጣ ልጅ አገር ሰጥቶ ይወጣል፤ የሰጠውም አገር በማግሥቱ ከስፍራው አይነቃነቅም። አምስተኛው የጠያቂው ግዴታ ነው። አገር የተቀበለ ሰው መልሱን ደብቆ ሊሄድ አይችልም።

መልሱ ሲነገርም አንድ ምልክት ይታያል። እንቆቅልሹ ጥሩ ከሆነ ተሸናፊው ግንባሩን መታ አድርጎ «ለካ እንቁላል ኖሯል!» ይላል። እንቆቅልሹ መጥፎ ከሆነ ግን «ይህን ከየት አምጥቼ ልወቀው?» ብሎ ያኮርፋል። ሰምና ወርቅም የሚፈረደው በዚሁ ነው፤ ወርቁ ሰሙ ውስጥ ካልነበረ ባለ ቅኔው አዋቂ አይባልም። እንግዲህ «ለካ» እና «ከየት አምጥቼ» የሚሉትን ሁለት ቃላት እንደ ሚዛን ይዘን ወደ ታሪኩ እንሂድ።

የሶምሶን ሠርግ

አባቶቻችን ኦሪት ብለው በሚጠሩት መጽሐፍ ውስጥ ከሙሴ አምስቱ መጻሕፍት ጋር ኢያሱ፣ መሳፍንትና ሩት ይገኙበታል። ስለዚህ በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 14 የተጻፈው የሶምሶን ታሪክ ለሽማግሌዎቻችን እንግዳ አይደለም። ሶምሶን ከፍልስጥኤማውያን ወገን ሚስት ሊያገባ ወደ ተምና ወረደ። ተምና ዛሬ ከቤት ሼሜሽ አቅራቢያ ባለው በቴል ባታሽ ስፍራ እንደ ነበረች ተመራማሪዎች ይናገራሉ። በሠርጉ ግብዣ ላይ ለሠላሳ ሚዜዎች እንቆቅልሽ አቀረበላቸው። በሰባቱ የግብዣ ቀናት ከፈቱት ሠላሳ የበፍታ ልብስና ሠላሳ መለወጫ ልብስ ሊሰጣቸው፣ ካልፈቱት እነርሱ ያንኑ ሊሰጡት ተዋዋሉ።

የሶምሶን ሥርዓት በመጀመሪያ ሲታይ የተሟላ ነው። ፈቃድ አለ፤ ቀነ ገደብ አለ፤ መያዣውም ታውቋል። የጎደለው የጋራ ዕውቀት ነው። እንቆቅልሹ የተሠራው ሶምሶን ብቻውን በገደለው አንበሳ በድን ውስጥ ካገኘው ማር ነው። ከየት እንዳመጣው ለአባቱና ለእናቱ እንኳ አልነገራቸውም። በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ያየውን ነገር ሠላሳ ሰው በሰባት ቀን አይደርስበትም።

ውጤቱም ታውቋል። ሚዜዎቹ ሙሽራይቱን ከነአባቷ ቤት በእሳት እናቃጥልሻለን ብለው አስፈራሯት። እርሷም ባሏን እያለቀሰች አስጨንቃ ምስጢሩን አወጣች። ሶምሶን በቁጣ ወደ አስቀሎና ወርዶ ሠላሳ ሰው ገደለ፤ በገፈፋቸውም ልብስ ዕዳውን ከፈለ። በሚቀጥለው ምዕራፍ እንደምናነበው ሙሽራይቱና አባቷ በመጨረሻ በእሳት ተቃጠሉ። ሚዜዎቹ ክፉ አልነበሩም ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ሊፈታ የማይችል እንቆቅልሽ የቀረበለት ሰው ሁለት መንገድ ብቻ እንደሚቀርለት ታሪኩ ያሳየናል፤ ወይ በውርደት ይከፍላል፤ ወይ ያጭበረብራል። የአገር ስጠኝ ሥርዓት ሦስተኛ መንገድ ስለሆነ እሳት ዳር የተቀመጠ ልጅ ከሁለቱም ይድናል።

የሳባ ንግሥት ፈተናዎች

በመጽሐፈ ሳሙኤልና ነገሥት ቀጥሎ የሚገኘው ሌላው ታላቅ እንቆቅልሽ ጠያቂ የሳባ ንግሥት ናት። ቀዳማዊ ነገሥት ምዕራፍ 10 ንግሥቲቱ ሰሎሞንን በእንቆቅልሽ ልትፈትነው እንደ መጣች ይናገራል። በዕብራይስጡ የተጻፈው ቃል ለሶምሶን እንቆቅልሽ የተጻፈው ያው «ሒዳ» የሚለው ቃል ነው። ሆኖም መጽሐፉ የጠየቀችውን አይዘረዝርም። ዝርዝሩን የሞሉት በኋላ ዘመን የተነሡ የአይሁድ ሊቃውንት ናቸው። ሚድራሽ ሚሽሌ አራት ጥያቄዎችን፣ በመጽሐፈ አስቴር ላይ የተጻፈው ታርጉም ሼኒ ሦስት፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በየመን የተዘጋጀው ሚድራሽ ሃሔፌጽ ደግሞ 19 ያህል ጥያቄዎችን ያቀርባሉ።

በሚድራሽ ሚሽሌ የሚገኘው አንዱ ጥያቄ በቁጥር የተሠራ ነው፤ ስለሚወጡ ሰባት፣ ስለሚገቡ ዘጠኝ፣ ስለሚቀዱ ሁለትና ስለሚጠጣ አንድ ይጠይቃል። ሰሎሞን ሰባቱ የሴት የመለየት ቀናት፣ ዘጠኙ የእርግዝና ወራት፣ ሁለቱ ጡቶች፣ አንዱም የሚጠባው ሕፃን ናቸው ብሎ ፈታው። ይህን እንቆቅልሽ ዛሬ በከተማ ላደገ ወጣት ብናቀርብለት ሰባት የሚለው ቁጥር ላይ ይደናቀፋል። በየወሩ ሰባት ቀን ከቤቷ ተለይታ በመርገም ጎጆ የተቀመጠችው አያቱ ግን ከሰባቱ ተነሥታ ወደ ዘጠኙ ትሻገራለች። እንቆቅልሹ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሰሚው ኑሮ ነው። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ቁም ነገር አለ፤ የእንቆቅልሽ ፍትሐዊነት በቃላቱ ብቻ የሚገኝ ሳይሆን በጠያቂውና በተጠያቂው መካከል ባለው የጋራ ኑሮ የሚገኝ ነው።

ሌላው ፈተና በተግባር የሚፈታ ነው። ንግሥቲቱ አንድ ዓይነት ልብስ የለበሱ፣ ቁመታቸውም የተመሳሰለ ወንዶችና ሴቶች ልጆችን አቅርባ ለይልኝ አለችው። ሰሎሞን ለውዝና ቆሎ አስበተነላቸው። ወንዶቹ ሳያፍሩ ልብሳቸውን ገልበው ሰበሰቡ፤ ሴቶቹ ግን በጨዋነት በራስ መሸፈኛቸው ያዙ። እዚህ ላይ ሰሎሞን ያልታየ ምልክት እንዲታይ አደረገ እንጂ በግምት አልተናገረም። ጥሩ የጨዋታ መሪም ለተጫዋቾቹ የሚነካ፣ የሚበተን፣ የሚሞከር ነገር ይሰጣቸዋል።

በኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ዘንድ በክብረ ነገሥት የተጻፈው ታሪክ ደግሞ ተቃራኒውን ያሳያል። በዚያ ንጉሡ ንግሥቲቱን ከቤቱ አንዳች እንዳትወስድ አስምሎ፣ የሚያስጠማ ምግብ አብልቶ፣ ውኃ ስትጠጣ መሐላሽን አፈረስሽ ይላታል። ይህ ወጥመድ ነው፤ እንቆቅልሽ አይደለም። ውኃም ከሚወሰድ ዕቃ እንደሚቆጠር ንግሥቲቱ ያወቀችው ከተያዘች በኋላ ነውና። በጨዋታ መሪዎች ዘንድም ተጫዋቹ ከወደቀበት በኋላ ብቻ የሚነገር ደንብ እንደ ጥበብ አይቆጠርም።

ከኦክስፎርድ እስከ ሌክ ጄኔቫ

የዛሬው የሚና ጨዋታ እንቆቅልሹን የወሰደው ከሰሜን አውሮፓ ተረት ነው። በጥንቱ የአይስላንድ ግጥም ኦዲን የተባለው አምላክ ስሙን ሰውሮ ከአንድ ግዙፍ ጠቢብ ጋር በራስ መያዣነት በጥያቄ ይወዳደራል። በመጨረሻም ኦዲን በሞተው ልጁ ጆሮ ምን እንዳንሾካሾከ ይጠይቀዋል። ከኦዲን በቀር ይህን የሚያውቅ የለም። ጥያቄው የሶምሶን እንቆቅልሽ ወንድም ነው።

ይህን የጥንት ጽሑፍ ጠንቅቀው ከሚያውቁት አንዱ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ጆን ቶልኪን ነበር። በ1937 ባሳተመው «ሆቢት» በተባለው መጽሐፍ ትንሹ ቢልቦ ከጎለም ጋር በጨለማ ዋሻ ውስጥ በእንቆቅልሽ ይወዳደራል። ቢልቦ ከተሸነፈ ይበላል፤ ካሸነፈ መውጫው ይታየዋል። ሁለቱ በተራ ሲጠያየቁ ቆይተው ቢልቦ እንቆቅልሽ ሲያልቅበት በኪሱ ስላለው ነገር ይጠይቃል። ጎለም ይህ ሕግ አይደለም ብሎ ይቃወማል፤ ግን ሦስት ጊዜ ልገምት ብሎ ይቀበላል፤ ይሸነፋልም። ቶልኪን ራሱ በኋላ ባሳተመው «የቀለበቶቹ ጌታ» መግቢያ ላይ ይህን ክርክር አንሥቶ ጥያቄው በጥንቱ ሕግ እንቆቅልሽ መባሉ እንደሚያጠራጥር፣ ጎለም ግን ተቀብሎ ለመገመት ከሞከረ በኋላ በቃሉ እንደ ታሰረ ጽፏል። በእኛ አነጋገር «ምናውቅልህ» ብሏልና።

ይህ መጽሐፍ ወደ ዕብራይስጥ የገባበት መንገድ ሊነገር የሚገባው ነው። ከተርጓሚዎቹ መካከል በግብፅ እስር ቤት የነበሩ የእስራኤል አየር ኃይል አብራሪዎች ይገኙበታል። እነዚህ ምርኮኞች በ1970ዎቹ መጀመሪያ በካይሮ ታስረው ሳሉ እንግሊዝኛ ለማያነቡት ጓደኞቻቸው ሲሉ ተረጎሙት፤ ትርጉማቸውም በ1977 በእስራኤል ታተመ። የቢልቦን የጨለማ ዋሻ እንቆቅልሾች በዕብራይስጥ ያስቀመጡት የራሳቸውን መውጫ ይጠባበቁ የነበሩ ሰዎች ናቸው።

በ1974 በአሜሪካ በዊስኮንሲን ግዛት በሌክ ጄኔቫ ከተማ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሰዎች «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለውን ጨዋታ አሳተሙ። በአገራችን በእስራኤል ልጆች «መቩኺም ቬድራኮኒም» ይሉታል። የሚያስፈልገው ወረቀት፣ እርሳስ፣ ቁጥር የተጻፈባቸው የሚወረወሩ ዳይሶችና ምናብ ነው። መሪው ያላዩትን ስፍራ በቃል ይስላል፤ ተጫዋቾቹ ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ። ገጸ ባሕርያቸው ኃይለኛ ቢሆንም እንቆቅልሽ ሲመጣ ግን የሚያስበው በጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጠው ልጅ ራሱ ነው። ስለዚህ ነው የፍትሐዊነት ጥያቄ እዚህ ላይ የሚጠነክረው።

ጋይጋክስ በ1975 በባልቲሞር ከተማ በተደረገ የጨዋታ ጉባኤ ለውድድር ያቀረበው፣ በ1978ም የታተመው «ቱም ኦቭ ሆረርስ»፣ ማለትም «የሰቀቀን መቃብር»፣ እስከ ዛሬ ያከራክራል። በመግቢያው መተላለፊያ ወለል ላይ ረጅም የግጥም መልእክት ተጽፏል፤ በውስጡም ከአረንጓዴ ነገር መራቅ እንደሚሻል የሚጠቁም አለ። መተላለፊያው ጫፍ ላይ አፉን የከፈተ አረንጓዴ የሰይጣን ፊት ይታያል። ወደ አፉ የገባ ሁሉ ይጠፋል፤ አይመለስም። መሪው ተናግሬ ነበር ሊል ይችላል፤ እውነትም ምልክት ነበረ። ነገር ግን ምልክቱ አንድ ብቻ ነው፤ በተሸፈነ ቋንቋ የተነገረ ነው፤ ዋጋው ደግሞ ሕይወት ነው። ዋጋው በከበደ መጠን ምልክቱ መብዛትና መጥራት ይገባዋል ብለን እናምናለን። እሳት ዳር ዋጋው በቃል የሚሰጥ አገር ብቻ ስለነበረ አንድ ምልክት ይበቃ ነበር።

ሦስት ምልክቶች

ከብዙ ዓመት ልምድ በኋላ የጨዋታ መሪዎች ይህን ሐሳብ በደንብ መልክ አስቀምጠውታል። ጀስቲን አሌክሳንደር የተባለው አሜሪካዊ ጸሐፊ በ2008 ባወጣው ጽሑፍ ተጫዋቾች እንዲደርሱበት ለሚፈለገው ለእያንዳንዱ ነገር ቢያንስ ሦስት ምልክቶች ይቀመጡ አለ። ምክንያቱም አንዱን አያገኙትም፤ ሁለተኛውን አግኝተው ይንቁታል፤ ሦስተኛውን ደግሞ ይተረጉሙታል፤ ምናልባትም በስሕተት። መሪው መልሱን ስለሚያውቅ ሁሉም ነገር ግልጽ ይመስለዋል። ይህ የጠያቂ ሁሉ በሽታ ነው፤ ሶምሶንም ማሩን ከቀመሰ በኋላ የፈጠረው ጥያቄ ነው።

ሌላው የተለመደ ምክር የጨዋታው መንገድ ሁሉ በአንድ እንቆቅልሽ እንዳይዘጋ ነው። በሩ በመልሱ ይከፈት፤ መልሱ ከጠፋ ግን በሌላ ድካም፣ በረጅም መንገድ ወይም በዋጋ የሚያልፉበት ይኑር። እንዲሁም ተጫዋቾቹ መሪው ያላሰበውን፣ ለጥያቄው ግን በሚገባ የሚስማማ መልስ ካመጡ መቀበል ይገባል። ወላጆቻችን ይህን በጽሑፍ አላስቀመጡትም፤ ነገር ግን በ«አገር ስጠኝ» ሲኖሩበት ቆይተዋል።

ጉልቻን ያላየ ልጅ

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። አንድ አባት በነታንያ ወይም በረሖቮት ለተወለደ ልጁ ስለ ሦስት ወንድማማቾች ይጠይቀዋል እንበል። ወንድማማቾቹ ፊት ለፊት ተያይተው ይኖራሉ፤ እሳት መካከላቸው ነው፤ ሸክም በራሳቸው ላይ ነው፤ አንዱ ከሄደ የሁለቱ ድካም ከንቱ ነው። መልሱ ጉልቻ ነው። በጋዝ ምድጃ የተቀቀለ የበላ ልጅ ዝም ይላል። አባቱም ልጁ ሰነፈ፣ ቋንቋውንም ረሳ ብሎ ያዝናል። ልጁ ግን አልሰነፈም። ያላየውን ማር ከአንበሳ ውስጥ እንዲያወጣ ተጠይቋል።

መፍትሔው እንቆቅልሹን መጣል አይደለም። እንዲህ ያለውን እንቆቅልሽ በሚና ጨዋታ ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል። መሪው ታሪኩን በወለቃ መንደር ይጀምር፤ ወለቃ በጎንደር አጠገብ የምትገኝ፣ እናቶቻችን በሸክላ ሥራ የታወቁባት ስፍራ ናት። ተጓዦቹ ወደ ጎጆ ሲገቡ ማሰሮው በሦስት ድንጋዮች ላይ ተጥዶ እንደሚንተከተክ ይናገር፤ ይህ የመጀመሪያው ምልክት ነው። ቀጥሎ ሸክላ ሠሪዋ እናት አንዱ ጉልቻ ስለተሰበረባት በቁመት የሚስተካከለውን ድንጋይ እንዲፈልጉላት ትላካቸው፤ ይህ ሁለተኛው ነው። ከብዙ ጉዞ በኋላ ሽማግሌው እንቆቅልሹን ሲጠይቃቸውና ሲያቅታቸው በዘንጉ መሬት ላይ ሦስት ክቦችን ይሣል፤ ይህ ሦስተኛው ነው። አሁንም ካልመጣላቸው ሽማግሌው «አገር ስጡኝ» ይበላቸው። እነርሱም ያላቸውን ይስጡ፤ አንድ ቀን አጭደው ወይም ወቅተው ያግዙት፤ እርሱም መልሱን ነግሮ ያሳልፋቸው። ልጆቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ «ለካ ያቺ ድንጋይ ናት!» ይላሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚለው ተረትና ምሳሌም ለእነርሱ የተዘጋ በር አይሆንም።

ግዴታው የወላጆች ብቻ አይደለም። በዕብራይስጥ ፊደላት አጻጻፍ ላይ የተመሠረተ እንቆቅልሽ ፊደሉን ላልቆጠረች አያት ማቅረብ ያው የሶምሶን ሥራ ነው። ልጁ አያቱን ሊጠይቅ ከፈለገ ሁለቱም ከሚያውቁት ይጀምር። ለምሳሌ በቤት ውስጥ ያለች ትንሽ ቤት ምንድን ናት? ሰው ይዛ ትወጣለች፣ ትወርዳለች፤ ከግቢው ግን ወጥታ አታውቅም። አያቲቱ በየቀኑ በአሳንሰር ትሳፈራለችና ትደርስበታለች።

ፈተናም እንቆቅልሽ ነው

ይህን ጉዳይ እንደ ጨዋታ ብቻ ልናየው አንችልም። ከ1984 እስከ 1985 በሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ የመጡት ልጆቻችን ገና ከመድረሳቸው በሥዕልና በቅርጽ፣ በእርሳስና በወረቀት ተፈትነዋል። ብዙዎቹ እርሳስ ይዘው አያውቁም ነበር። አንድ ቅርጽ ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚዛመድ የሚጠይቀው ወረቀት ለእነርሱ «ምናውቅልህ» ሳይሉ የተወረወረ እንቆቅልሽ ነበር። መልሱንም ሲያጡ አገር ስጠኝ ያላቸው የለም፤ መልሱንም የነገራቸው የለም፤ ውጤቱ ብቻ ተጻፈባቸው።

ይህን ዓይነት ፈተና ቀደም ብሎ የተቃወመው ሰው ሬውቬን ፎየርስታይን ነው። በ1921 በሩማንያ ተወልዶ በ2014 በኢየሩሳሌም ያረፈው ይህ የሥነ ልቡና ሊቅ በ1950ዎቹ ከሞሮኮ የመጡ ልጆችን ሲመረምር ልጁ አሁን ምን ያውቃል ከማለት ይልቅ ቢያስተምሩት ምን ያህል ይማራል ብሎ መጠየቅ እንደሚሻል ተረዳ። አሠራሩም ሦስት ደረጃ አለው፤ መጀመሪያ ይፈትናል፤ ቀጥሎ አጠገቡ ተቀምጦ የአፈታቱን መንገድ ያስተምራል፤ እንደገናም ይፈትናል። ይህ አሠራር ከኢትዮጵያ ለመጡ ልጆችም ውሏል። የባር ኢላን ዩኒቨርሲቲው ዳዊድ ጹሪኤልና የሥራ ባልደረባው ካውፍማን በ1999 ባሳተሙት ጥናት ከኢትዮጵያ የመጡ የአንደኛ ክፍል ልጆች በመጀመሪያው ፈተና በእስራኤል ከተወለዱት አንሰው ቢታዩም፣ ከአጭር ትምህርት በኋላ ግን ልዩነቱ እንደ ጠበበ አሳይተዋል። የጎደለው ማስተዋል አልነበረም፤ ምልክት ነበር።

ፎየርስታይን ያደረገውና የመንደራችን ጠያቂ ያደርግ የነበረው በመሠረቱ አንድ ነው። ሁለቱም መልሱን ለራሳቸው አላስቀሩም። ዛሬ ያላወቀ ልጅ መልሱን ሰምቶ ነገ እርሱ ጠያቂ ይሆናል። እንቆቅልሽ በመንደራችን ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈው አዋቂዎች ሁሉን ስለፈቱ አይደለም፤ ያልፈቱት መልሱን ስለተነገራቸው ነው።

በተቃራኒው እኛ ወላጆችም ተፈታኝ የሆንንበት ጊዜ ብዙ ነው። ከመሥሪያ ቤት የመጣ ደብዳቤ በእጃችን ይዘን የስምንት ዓመት ልጅ አንብብልን ያልንበትን ቀን የምንረሳው አይመስለንም። ልጁ ያን ጊዜ ጠያቂም መላሽም ሆነ። አንዳንዱ ልጅ በትዕግሥት አስረዳን፤ አንዳንዱ አፈረብን። ስለዚህ ሁለታችንም የሌላውን እንቆቅልሽ እናውቃለን፤ ሁለታችንም አገር መስጠት ምን እንደሆነ ቀምሰናል።

ውድ አንባቢያን፣ በየቤቱ ያሉት ሽማግሌዎችና ባልቴቶች በቃላቸው የያዙት እንቆቅልሽ ገና ብዙ ነው። ስትጽፉት ጥያቄውንና መልሱን ብቻ አትጻፉ፤ ዕቃው ምን እንደሚመስል፣ ለምን እንደሚያገለግል፣ በየትኛው አገር እንደሚነገርም አብራችሁ አስፍሩ። ያለዚያ ለሚመጣው ትውልድ የምናስቀምጥለት በር ያለ ቁልፍ ይሆናል። ልጆቻችሁም በጠረጴዛቸው ዙሪያ ተሰብስበው ስለ በርና ስለ ዘንዶ ሲጫወቱ ብታዩ፣ ወንበር ስባችሁ ተቀመጡና «እንቆቅልህ?» በሏቸው። መልሱን ካጡ አገር ተቀበሉ፤ ከተቀበላችሁም መልሱን ሳትናገሩ አትነሡ።